ጋኑ ከሥር ነው

«ሽታው እስኪለቅ ሁለት ሦስት ቀን በሩን ከፍተን እንተወዋለን፤ ከዚያ ኖራ እናስቀባዋለን» አለች አከራያችን ከአጥሩ ወዲያ ሆና፣ ለአዲሶቹ ተከራዮች። ድምጿን ዝቅ ለማድረግ እንኳ አልሞከረችም። እኔ አይሱዙው ላይ፣ ጭነቱ አናት ላይ ቆሜ ገመድ እስባለሁ፤ እናቴ ከታች ሆና የገመዱን ጫፍ ይዛለች። ሰምታ እንደሆነ ለማወቅ ጎንበስ ብዬ አየኋት። ፊቷ ላይ ምንም የለም። ገመዱን እጇ ላይ ሁለት ዙር ጠቀለለችና «አጥብቀው ዘሙ፣ መንገዱ ይንጣል» አለችኝ። ሽታ የተባለው እንግዲህ የእኛ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የኖርንበት ቤት ነው፤ ሁለት ክፍል፣ የጭቃ ምርግ፣ በየክረምቱ አንድ አዲስ ቀዳዳ የሚያወጣ ቆርቆሮ። እናቴ መስቀል በመጣ ቁጥር ከወንዝ ዳር ነጭ አፈር አምጥታ ግድግዳውን በገዛ እጇ ትቀባው ነበር። አከራይዋ ቤቱን ከአባቷ ስትወርስ ኪራዩን ከሁለት ሺህ ወደ ሰባት ሺህ አወጣችው። እኛ ገና ሳንመልስላት ተራራ ለሚያስጎበኙ ልጆች ሰጠችው። ድንኳን ሊያስቀምጡበት ነው። ድንኳን እንግዲህ አይሸትም መሰለኝ።

መሄዳችን ድሮም የታሰበ ነው። እህቴ ስጦታ ባሕር ዳር ነው የተዳረችው፤ ሁለተኛ ልጇን ከወለደች ወዲህ «እምዬን አምጣልኝ» ማለት አብዝታ፣ ከቤቷ ሦስት አጥር አልፎ ቤት ፈልጋ አገኘችልን። ለእኔም ባሏ ከሚሠራበት ፎቶ ቤት ሥራ ተገኘልኝ። ኅዳር ሚካኤል ካለፈ በኋላ ተብሎ ነበር። ትናንት ግን ከባሕር ዳር ያመጣውን ሲሚንቶ አራግፎ ባዶውን የሚመለስ አይሱዙ አገኘሁ፤ ሹፌሩ ላቀው ይባላል፤ የመንገዱን ነዳጅ ያህል ከከፈላችሁኝ አደርሳችኋለሁ አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር ሁለት ጊዜ አይገኝም። እየሮጥሁ ቤት ገብቼ «እምዬ፣ ነገ ጠዋት ነው» አልኋት። «ነገ?» አለች። ቀጥላ «እሺ» አለች። እሺ ስትል ምን ይዛ እንዳለች አላየሁም። እኔ በልቤ ጣና ዳር ደርሼ፣ ካሜራ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ሙሽሮችን «ትንሽ ፈገግ በሉ» እያልሁ ነበር።

ስንጭን አንድ ቃል ብቻ ተናገረች። ላቀው ከባድ ከባዱን ከሥር ሲያስገባ የጠላ ጋኗን አስቀድሞ አነሣው። «ጋኑ ከላይ ቢሆን» አለች። «እማማ፣ ጋን ከላይ ከተጫነ አምባ ጊዮርጊስ ሳንደርስ ገል ይሆናል» አላት። ጋኑ ከጋቢናው ኋላ፣ ከሥር ገባ፤ ከላዩ የጤፍ ጆንያ፣ ቁም ሣጥን፣ ፍራሽ፣ ሰፌድ፣ የሰው ቤት የሚባለው ነገር ሁሉ ተከመረበት። ዕለቱ ተክለ ሃይማኖት ነው፤ ሰፈርተኛው ቅዳሴ ላይ ነበርና የሸኘን ሰው የለም። ጥቂት ብንቆይ ይመጡ ነበር። እሷ ግን «ቅዳሴ ሳይወጣ እንሂድ» አለች፤ እኔም መንገድ ፈርታ ነው ብዬ ተውሁት። ጋቢና ስትገባ በነጭ ጨርቅ የታሰረች ሙዳይ ታቅፋለች። ጽጌን ትጾማለችና ስንቋ መሰለኝ።

ደባርቅን ስንወጣ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል። እኔ መሐል ነኝ፣ እናቴ በር በኩል። ወደ ኋላ ትዞራለች ብዬ ስጠብቅ አልዞረችም። ግራና ቀኝ ገብሱ ግማሹ ታጭዶ ግማሹ ቆሞ፣ ሰዎች ጎንበስ ቀና ሲሉ ይታያሉ፤ ከኋላችን ተራሮቹ አንድ በአንድ ብርሃን እየነካቸው ነበር። እኔ ተራራ ካየሁ ሌላ ነገር አይታየኝም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አመሌ ነው። ላቀው ያወራል። ባለፈው መንገድ ተዘግቶ ጎንደር ስድስት ቀን ጭነት ላይ እንዳደረ፣ ሲሚንቶ ስንት እንደገባ፣ ጎማ እንዴት እሳት እንደሆነ። እናቴ «እግዚኦ» ማለት በሚገባት ቦታ ላይ «እግዚኦ» ትላለች፤ እጇ ግን ሙዳይዋን አልለቀቀም። ጉድጓድ ሲመጣ ከእኛ ቀድማ ከወንበሩ ብድግ ትልና ሙዳይዋን በአየር ላይ ታሳልፋታለች። ላቀው ይህን ሦስት ጊዜ ካየ በኋላ «እማማ፣ እንቁላል ነው እንዴ የያዙት?» አላት። «አይደለም ልጄ» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

ዳባት መግቢያ ኬላው ላይ አስቆሙን። ፈታሹ ሸራውን በዱላው ነካ ነካ አድርጎ «ምንድን ነው የጫናችሁ?» አለ። «የእናቴን ቤት» አልሁት። ሳቀና ለቀቀን። ላቀው ቁርስ ካልበላ መሪ እንደማይታየው ነግሮን ከመንገዱ ዳር ካለች ምግብ ቤት ገባን። እሱ ፍርፍር በእንቁላል አዘዘ፣ እኔ ሻይ በዳቦ፤ ሻይ አሥራ አምስት ብር ገብቷል። እናቴ ከውኃ በቀር አልነካችም። ሙዳይዋን ጠረጴዛው ላይ አላስቀመጠችም፣ መሬት ላይም አላስቀመጠችም፤ ጭኗ ላይ ነች። ላቀው ጉርሱን እየዋጠ «እማማ፣ ያችን ሙዳይ ይፍቱልንና የቤት ነገር እንቅመስ እንጂ፤ የእኔ እንቁላል የቆቅ ነው መሰለኝ አያጠግብም» ሲላት «የሚበላ አይደለም» አለችው። አነጋገሯ ቀስ ያለ ነበር፤ ቢሆንም እሱ ማኘኩን አቆመ። እኔም ያኔ ነው ጨርቁን ያየሁት። የስንቅ ጨርቅ አልነበረም፤ ጫፉ ላይ በቀይ ክር መስቀል የተጠለፈበት ነው። የት እንዳየሁት ማስታወስ እየጀመርሁ ሳለ ላቀው ሒሳብ ብሎ ተነሣ፤ እኔም አብሬ ተነሣሁ።

አምባ ጊዮርጊስ ልንገባ ስንል ስልኬ ጮኸ። ጎረቤታችን እትዬ ወርቄ ናት። እሷ ስልክ ላይ የምታወራው ከማዶ ኮረብታ ሰው እንደምትጣራ ነው፤ ጋቢናው ሙሉ ሰማት።

«ዘሙ፣ ወዴት ናችሁ?»

«አምባ ጊዮርጊስ ልንደርስ ነው እትዬ።»

«በስማም። ከቅዳሴ ስመለስ በሩ ወለል ብሎ አገኘሁት፤ ሌባ ገብቶ መስሎኝ ሰፈሩን አሸበርሁት። ሌባዋ ለካ እናትህ ናት። በል እሱን ተወው፤ ጽዋው ወዴት ነው ያለ?»

ወደ እናቴ ዞርሁ። በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ታያለች። ጆሮዋ ግን ቀልቷል።

ወር በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን የሚካኤል ማኅበር አላቸው፤ ሃያ አራት ቤት ነው። ጽዋው ከቤት ቤት ይዞራል። የወሩ ደጋሽ ጠላውንና ዳቦውን አቅርቦ፣ ቄሱ ባርኮ፣ ሲያበቃ ሙሴ የሚሉት የማኅበሩ መሪ ጽዋውን ለቀጣዩ ተረኛ በእጁ ያስረክባል። የተቀበለ ሰው በሚመጣው ወር ደጋሽ ነው፤ አልችልም ማለት የለም፤ ቤቱ ቢቃጠልም ይደግሳል። በጥቅምቱ ማኅበር ጽዋውን የመቀበል ተራው የእናቴ ነበር። የሚመጣው ደግሞ ኅዳር ሚካኤል፣ የዓመቱ ትልቁ ነው። ከዚያ በኋላ እንሄዳለን ተብሎ ስለነበር ተቀበለች፤ እኔ ቀኑን ሳስጠጋው ማኅበሩን አልቆጠርሁትም። እሷም አልነገረችኝም። የደባርቅ ሚካኤልን ጽዋ ታቅፋ ስልሳ ኪሎ ሜትር መጥታለች።

«ላቀው፣ አቁምልኝ» አልሁት። ከገበያው አፋፍ፣ የእህል መጋዘኖቹ አጠገብ ቆመ። ገበያ ቀን ነበርና ሰውና አህያ መንገዱን ሞልቶታል። ወርደን በጥላ በኩል ቆምን፣ እኔና እሷ። እውነቱን ለመናገር ተናድጄ ነበር።

«ለሚኒባስ ሰጥተን እንላከው። እትዬ ወርቄ መናኸሪያ ወጥታ ትቀበላለች።»

«ጽዋ እንደ ድንች በረዳት ይላካል?» አለች።

«እንግዲያው እኔ ይዤ ልመለስ። አንቺ ከላቀው ጋር ሂጂ።»

«የተቀበልሁት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊው አስበሽ ነው ይዘሽው የወጣሽ?»

መሬቱን በጫማዋ ጫፍ ትንሽ ፈቀቅ አደረገች። «እንጃ» አለች። «አይተውኝም፣ ይጠሩኛል ብዬ ነዋ።»

ቁጣዬ ያን ጊዜ የት እንደገባ አላውቅም። ሰባ ሊሞላት ሁለት ዓመት የቀራት ሴት፣ ጽዋ ይዛ ተደብቃ የወጣችው ጠርተው እንዲመልሷት ነው። ሰው ፊት ቆማ «እኔ ከዚህ አገር ልሄድ ነው» የሚለው ቃል ከአፏ ስላልወጣላት ቅዳሴ ሳይወጣ ሸሸች። እኔም ለሁለት ወር ያህል ስለ ባሕር ዳር ሳወራ፣ ስለ ሐይቁ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ለጉልበቷ ጥሩ እንደሆነ ሳወራ፣ አንድ ነገር አልጠየቅኋትም። አሁን ትዝ አለኝና በገበያ ጫጫታ መሐል ጠየቅኋት።

«እምዬ፣ ባሕር ዳር መሄድ ትፈልጊያለሽ?»

አየችኝ። ብዙ አየችኝ። አንድ የገብስ ጆንያ የተሸከመ ሰው «መንገድ» ብሎ በመሐላችን አለፈ። ካለፈ በኋላ «ጥንስሱን ዛሬ ነገ ካልጣልሁ ለሚካኤል አይደርስም» አለች። «ጋኑን አውርዱልኝ።»

ላቀው ይህን ሲሰማ ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ። «ጋኑ እኮ ከሥር ነው እማማ።»

«ጠዋት ነግሬህ ነበር ልጄ።»

ሸራው ተገፈፈ፣ ገመዱ ተፈታ፣ ቤታችን አንድ በአንድ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ዳር ወረደ። ፍራሹ፣ ወንበሮቹ፣ ሰፌዱ፣ አባቴ በሹራብ ቆሞ የተነሣው ፎቶ፣ የእኔ የትምህርት ቤት ቦርሳ። የገበያ ሰው ደግሞ የወረደ ነገር ሁሉ የሚሸጥ ይመስለዋል። መጀመሪያ አንዲት ሴት መጥታ ብርድ ልብሱን ገልበጥ አድርጋ «ስንት ነው?» አለች። እኔ «አይሸጥም» ሳልል ሌላዋ ሰፌዱን አንሥታ እያንኳኳች ነው። አንድ ጋቢ የለበሰ ሰውዬ የቁም ሣጥኑን በር ከፍቶ ዘግቶ «ማጠፊያው ላልቷል፤ አራት ሺህ ልስጥህና ልውሰደው» አለኝ። ሌላው «በአራት ሺህማ እኔ እወስደዋለሁ» አለ። ላቀው ከላይ ሆኖ «ሹፌሩንም ጨምራችሁ ውሰዱት» እያለ ይስቃል። እኔ የምይዘውን አጥቼ አንዱን ከአንዱ እጅ ስነጥቅ፣ እናቴ ሙዳይዋን እንደታቀፈች መሐላቸው ገባች።

«አይሸጥም እህቴ፣ ቤት እየለወጥን ነው።»

«ከወዴት ወደ ወዴት?» አለች ሰፌድ የያዘችው፣ ሰፌዱን ሳትለቅ።

«ከደባርቅ ወደ ባሕር ዳር።»

«ታዲያ እዚህ ምን አወረዳችሁ?»

«ጋኑ ሊመለስ ነው። እኔም ከጋኑ ጋር።»

ሰው ሳቀ። ሴትዮዋ ግን ዓይኗ ነጩ ጨርቅ ላይ፣ ቀዩ መስቀል ላይ አረፈ። ሰፌዱን አስቀመጠች። «የማን ነው?» አለች ዝቅ ብላ። «የሚካኤል» አለቻት እናቴ። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ሙዳይዋን ተሳለመች፣ ከዚያ ዞራ «እናንተ፣ ምን ቆማችሁ ታያላችሁ፣ ጽዋ ይዛለች፣ ጋኑን አውርዱላት እንጂ» ብላ ወንዶቹን ገሠጸቻቸው፤ አራት ሺህ ያለኝ ሰውዬ ጋቢውን አጣፍቶ ከሁላችን ቀድሞ ወጣ። ጋኑ ሳይሰነጠቅ ወረደ። እናቴ በጣቷ ዙሪያውን አንኳኳች፣ ጆሮዋን አስጠግታ ድምፁን ሰማች፣ ራሷን ነቀነቀች።

ወደ ደባርቅ የሚሄድ ሚኒባስ ተገኘ። ረዳቱ ጋኑን ሲያይ «ይኼ የሁለት ሰው ይከፍላል» አለ፤ እናቴ «ጾመኛ ነው፣ ምንም አይበላብህ» አለችው፤ በአንድ ሰው ተስማማ። ጋኑን ከጣሪያው በላይ ፖርቶ መጋላው ላይ በፍራሻችን ጠቅልለን አሰርነው። እትዬ ወርቄ በስልክ ስነግራት «ቤቴ ሁለት ሰውና ጋን አይጠበውም፤ ብቅሉም አለኝ» አለች፤ ጋሽ አለነ፣ ሙሴው፣ አጠገቧ ቆሞ ነበር መሰል፣ «ቀስ ብላ ትምጣ በላት» ሲል ተሰማኝ። እናቴ መስኮት ጋ ተቀመጠች። የጥያቄዬን መልስ እጠብቃለሁ፤ እሷ ደግሞ የሹራቤን አዝራር አየች፣ በመስኮቱ እጇን አውጥታ ቆለፈችልኝ።

«አሥራ ሁለትን ላውጣ» አለች። ሚኒባሱ ሄደ።

አሥራ ሁለትን ካወጣች በኋላ ምን እንደሆነ አልነገረችኝም። ዕቃውን መልሰን ስንጭን እጄ ሥራውን ይሠራል፣ ልቤ ግን የት እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ረጅም ነበር። ጎንደር በግራ በቀኝ አለፈን፣ አዲስ ዘመን ላይ ሙቀቱ መጣ፣ ወረታ ላይ ሩዝ የሚያሰጡ ሰዎች አየሁ። እንደ ልማዴ ላልም ሞከርሁ፤ አልሆነልኝም። ሙሽሮቹ አልመጡም። የታየኝ እሷ ናት፤ ማኅበሩን አውጥታ፣ ጽዋውን አስረክባ፣ እዚያው እትዬ ወርቄ ቤት ጥግ ላይ ቁጭ ስትል። ብትቀር ምን እላታለሁ? ዕቃዋን ሁሉ እኔ ወስጄዋለሁ። ላቀው ማርሽ እየቀየረ «እኔ ስንት ቤት አመላልሻለሁ» አለኝ፤ «ባለቤቷ ተመልሳ ዕቃዋ ብቻ ሲሄድ ግን ዛሬ ነው ያየሁ።» ሊያጽናናኝ ፈልጎ ይመስለኛል፤ ሆኖም አላጽናናኝም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ባሕር ዳር ደረስን። ስጦታ ሕፃኑን አዝላ በሩ ላይ ቆማለች፤ ቤቱን አጥባው ወለሉ ገና እርጥብ ነው። ጋቢናው ባዶ መሆኑን ስታይ ሳቋ ፊቷ ላይ ቀረ።

«እምዬስ?»

ነገርኋት። ስትሰማ ቆየችና «አንተ ደግሞ ገበያ መሐል ጥለሃት መጣህ?» አለች።

«አንቺ እንድትመጣ ትፈልግ እንደሆነ ጠይቀሻት ታውቂያለሽ?»

ሕፃኑን ከግራ ወደ ቀኝ አሸሸችው። «እኔማ አንተ የጠየቅሃት መስሎኝ ነበር» አለች። ከዚያ በኋላ ዕቃውን አወረድን። ላቀው ሒሳቡን ተቀብሎ፣ ለእናታችን ሰላምታ ልኮ ሄደ። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ ሲሚንቶ ወለል፣ ሰማያዊ በር፣ አምፖሉ ያለ ሽፋን። ስጦታ አልጋውን ከመስኮቱ ሥር፣ ሳጥኑን ከጥጉ ልታደርግ ስትነሣ «ተይው» አልኋት። ዕቃው መሐል ወለሉ ላይ እንደተቆለለ ስልኬን አወጣሁና ደወልሁ። እትዬ ወርቄ አነሣችና «ያው እጇ ብቅል ነው» ብላ ጆሮዋ ላይ ያዘችላት።

«ደረስህ?» አለች እናቴ።

«ደረስሁ። እምዬ፣ አልጋሽ ወደ የት ይሁን?»

ትንፋሿ ይሰማኛል፤ ከወዲያ የእንጨት ማማሰያ ጋኑን ሲነካ ይሰማኛል። ስጦታ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ስልኩን ታያለች። ያኔ ያልጠየቅኋትን አሁን ጠየቅሁ፤ ምናልባት ዘግይቷል ብዬ ላስብ ስል ድምጿ መጣ።

«በሩ ወደ የት ነው የሚያይ?»

«ወደ መንገዱ።»

«መስኮትስ አለው?»

«አንድ አለው።»

«ምን ያሳያል?»

ሄጄ ከፈትሁት። «የጎረቤት ግድግዳ።»

«ግድግዳ እያየሁ አልተኛም» አለች። «ራስጌውን ወዲያ አድርገውና ፊቴ ወደ በሩ ይሁን። ማን እንደሚገባ ማን እንደሚወጣ ልይ። ሳጥኑንም ከግርጌ። ስጦታ አለች?»

«እዚሁ ነኝ እምዬ» አለች ስጦታ።

«በይ ያዢለት።»

ስልኩን መስኮቱ ላይ አስቀመጥሁት። ስጦታ ሕፃኑን እንዳዘለች አንዱን ጫፍ ያዘች፣ እኔ ሌላውን፤ የአልጋው እግር ሲሚንቶው ላይ ሲጮህ ከደባርቅ ሰማችን።

«አትጎትቱት፤ እግሩ ይላቀቅብኛል። አንሡት።»

አነሣነው።